የዘላይ ሸረሪትን ዘር መቁጠር፦ ጅማ ላይ ሆኖ ለሚጀምር ሰው ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ ጠዋት ፀሐይ የበረንዳውን ግድግዳ ማሞቅ ስትጀምር አንዲት ግራጫ ነገር ብቅ ትላለች። ሦስት አራት እርምጃ ፈጠን ብላ ትሄድና ቀጥ ትላለች። ደግሞ ትሄዳለች፤ ደግሞ ትቆማለች። ጣታችሁን ብታስጠጉላት ወዲያው አትሸሽም፤ መጀመሪያ ፊቷን አዙራ ታያችኋለች። ዘላይ ሸረሪት ናት። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ አይታ፣ ተከትላ፣ አድብታ፣ ዘላ ነው የምትይዘው።

ይህ ቤተሰብ በሳይንስ ስሙ ሳልቲሲዴ ይባላል። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎቹ ከ6,000 በላይ ናቸው፤ በዝርያ ብዛት ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ ነው። ይህን ሁሉ ማን ከማን ይወለዳል ብሎ መደርደር ለጀማሪ ተራራ ይመስላል። ነገር ግን አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛ አገር ሰው ሊጋባ ሲል ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው መልክ አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ? አያትህ ማን ናቸው?» ነው። ቁርጥ አንድ መልክ ያላቸው ሁለት ሰዎች ባዳ ሆነው ይገኛሉ፤ ምንም የማይመሳሰሉት ደግሞ የአንድ ቅድመ አያት ልጆች ይሆናሉ። የሸረሪት ምደባም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለም ስለሚጀምር ነው። ቀለም የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ከመጀመራችን በፊት በቃላቱ እንግባባ። «ዝርያ» ስል እርስ በርስ የሚራቡትን አንድ ዓይነቶች ማለቴ ነው። የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች በአንድ «ወገን» ይሰበሰባሉ፤ ወገኖች በ«ነገድ»፣ ነገዶች በ«ንዑስ ቤተሰብ»፣ እነዚህ ሁሉ ደግሞ በአንድ «ቤተሰብ» ሥር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ማሰናዳት

ውድ ነገር አያስፈልግም። 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ክዳን ያለው ጥርት ያለ ትንሽ ብልቃጥ (የመድኃኒት ብልቃጥ ታጥቦ ይሆናል)፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ ጥጥ፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ስልካችሁ ላይ የሚቆነጠጥ የማጉያ ሌንስ ካገኛችሁ በጣም ይረዳል። ከሁሉ በላይ ግን ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ጃንጥላ ይኑራችሁ። ጅማ ላይ ጃንጥላ የሌለው ሰው ስለማይኖር ይህኛው የተሟላ ነው።

እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 2፦ መፈለግ

ሦስት ቦታ ፈልጉ፤ በየቦታው የምታገኟቸው የተለያዩ ናቸው።

መጀመሪያ ግድግዳ። ፀሐይ የሚያርፍበት የጭቃ ግድግዳ፣ የግንብ አጥር፣ የመስኮት ጠርዝ። ዘላይ ሸረሪት የቀን አዳኝ ስለሆነች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ዝናብ ሲያባራና ፀሐይ ሲወጣም እንዲሁ። ደመናማ ቀን ላይ ግን ቅጠል ጠቅልላ ወይም ስንጥቅ ውስጥ ገብታ በሠራችው ነጭ የሐር ከረጢት ውስጥ ትቀመጣለች።

ሁለተኛ ቡና። ከጅማ ወጣ ብሎ በማና ወይም በጎማ ወረዳ በኩል በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ለዚህ ሥራ ሀብት ነው። ጃንጥላውን ዘርግታችሁ ገልብጡና ከቅርንጫፉ ሥር ያዙት፤ ቅርንጫፉን በቀጭን ዱላ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ። ደረቅ ቅጠል፣ ጉንዳን፣ ጥንዚዛ፣ ትንንሽ አባጨጓሬ ይረግፋል። ከዚያ ሁሉ መካከል ወድቃ ወዲያው የምትቆም፣ ዙሪያዋን የምታይና ወደ ጃንጥላው ጠርዝ የምትዘል ከተገኘች እሷ ናት። ብልቃጡን ከፊቷ አድርጋችሁ በብሩሽ ከኋላ ነካ ብታደርጓት ራሷ ትገባለች። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ፤ ቡናው ሲያብብም ሆነ ፍሬው ሲቀላ ቅርንጫፍ አትምቱ፤ የሰው እንጀራ ነው።

ሦስተኛ መሬት። ድንጋይ ገልጣችሁ እዩና መልሳችሁ እንደነበረ አስቀምጡት። በቦዬ ረግረግ ዳር ያለው ሣር፣ የደረቀ ቅጠል ክምር፣ የእንሰት ቅጠል ከግንዱ የሚገናኝበት ስንጥቅ ሁሉ ይፈተሻል።

ልጆች አብረዋችሁ ካሉ አትከልክሏቸው። ልጅ ቆዳው ላይ ሽፍታ ሲወጣበት «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ሲባል ያደጉ ስለሆኑ መጀመሪያ ይፈራሉ፤ ዘላይ ሸረሪት ግን ሰው ላይ ጉዳት የምታደርስ አይደለችም። እጃችሁ ላይ ብትወጣ ተራምዳ ትሄዳለች።

ደረጃ 3፦ ቤተሰቡን በዓይን ማረጋገጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሸረሪቷን ብልቃጥ ውስጥ አድርጋችሁ ፊት ለፊት በሌንስ እዩ። ስምንት ዓይን አላት። ከነዚህ መካከል ሁለቱ፣ መሐል ፊት ላይ ያሉት፣ እንደ መኪና መብራት ትልልቅ ሆነው ወደ ፊት አፍጥጠዋል። በግራና ቀኛቸው አነስ ያሉ ሁለት አሉ። የቀሩት አራቱ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ጭንቅላቷ ላይ ተቀምጠዋል። ይህ የዓይን አደራደር የሌላ የሸረሪት ቤተሰብ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የምትምታታው መሬት ላይ የምትሮጠው ተኩላ ሸረሪት ናት። እሷም ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ግን አደራደሩን እዩ፦ ታች በአንድ መስመር አራት ትንንሽ፣ ከላያቸው ሁለት ትልልቅ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት። በዘላይዋ ግን ትልልቆቹ ታችኛው የፊት መስመር ላይ ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ገላዋ ብርሃን የሚያሳልፍ ዘላይ ሸረሪት ካገኛችሁ (ከቅጠል ሥር የምትኖር አሴሞኔያ የምትባል ወገን አፍሪካ ውስጥ አለች) ትልልቆቹን ዓይኖች ለሁለት ደቂቃ ሳትነቀንቋት ተመልከቱ። አንዱ ዓይን ጥቁር ሆኖ ሳለ ቀስ ብሎ ይነጣል፤ ሌላው ጥቁር እንደሆነ ይቆያል፤ ከዚያ ደግሞ ይለዋወጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ዓይኗ የታመመ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዓይኗ ሌንስ ከፊቷ ቅርፊት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ከሌንሱ ኋላ ግን እንደ መነጽር ቱቦ ረዘም ያለ ነገር አለ፤ ብርሃን ተቀባዩ ክፍል ከቱቦው ጫፍ ላይ ነው፤ በጡንቻ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይዞራል። ጥቁሩ የሚታየው ቱቦው ወደ እናንተ ሲያነጣጥር ነው። ማለትም ጥቁር ሲሆን እያየቻችሁ ነው። ብርሃን ተቀባዩ ክፍል አራት ንብርብር አለው። የቀሩት ስድስት ዓይኖች ሥራ እንቅስቃሴ መጠበቅ ነው፤ ከጎን ወይም ከኋላ ነገር ሲንቀሳቀስ እነሱ ያያሉ፣ እሷ ትዞራለች፣ ትልልቆቹ ምን እንደሆነ ይለያሉ።

ዝላይዋስ? የኋላ እግሮቿን የሚያስፈነጥረው በዋናነት በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ግፊት ነው፤ ደሟን ወደ እግሮቿ ገፍታ ድንገት ትዘረጋቸዋለች። ከመዝለሏ በፊት የሐር ክር ከቆመችበት ታጣብቃለች፤ ከወደቀች በክሩ ትመለሳለች። ብልቃጥ ውስጥ ያለችውን ብሩሽ ላይ አውጥታችሁ ስትዘል ብታዩ ክሩ በፀሐይ ብልጭ ይላል።

ደረጃ 4፦ ለአቅመ አዳም ደርሷል ወይ?

ልጅ ሸረሪት ላይ ዝርያ ለመለየት አትድከሙ። አይቻልም ማለት ይቀላል።

ከአፏ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር እግር መሰል አካላት አሉ። ፓልፕ ይባላሉ። ጫፋቸው እንደ ቦክስ ጓንት ያበጠ ከሆነ ያደገ ወንድ ነው። ወንዱ ዘሩን ለሴቷ የሚያቀብለው በዚህ ስለሆነ ቅርጹ በየዝርያው ይለያል፤ የሳይንስ ሰዎች ዝርያ የሚለዩት በዋናነት በወንዱ ፓልፕና በሴቷ ሆድ ሥር ባለው የመራቢያ ሳህን ነው። ሴቷን ለማየት ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ አስገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ብልቃጡ ግርጌ ግፏት፤ ሆዷ በመስተዋቱ በኩል ይታያል። ሳትጨቁኗት ፎቶ አንስታችሁ ልቀቋት።

ወንድና ሴት በአንድ ዝርያ ውስጥ የሰማይና የምድር ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። ሃሳሪየስ አዳንሶኒ የሚባለው የቤት ዘላይ ወንዱ ጥቁር ነው፤ ፓልፖቹ ላይ ነጭ አለው፣ ሆዱ ላይ ደግሞ እንደ ጨረቃ ግማሽ ክብ የሆነ ነጭ መስመር አለ። ሴቷ ቡናማ ብቻ ናት። በቀለም የሚሄድ ሰው ሁለት ዝርያ ብሎ ይመዘግባቸዋል፤ እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው መንታ መንገድ

በካናዳ የብሪትሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሸረሪት ተመራማሪ ዌይን ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ2015 ቤተሰቡን በሰባት ንዑስ ቤተሰቦች ከፍለው አቀረቡ። እንደ ሰባት ቤታችን ሰባት መሆኑ የአጋጣሚ ነው፤ ለማስታወስ ግን ይመቻል። ከሰባቱ ውስጥ ሦስቱ እኛ ዘንድ አይገኙም፦ ኦኖማስቲኔና ዩፖይኔ የእስያ ናቸው፣ ሊሶማኒኔ የአሜሪካ አህጉራት ነው። ስለዚህ ጅማ ላይ ለቆመ ሰው የሚቀረው የአራት ምርጫ ብቻ ነው።

ሀ) አሴሞኔይኔ። ቀደም ብዬ ያነሳኋት አረንጓዴዋ ከዚህ ናት። ከላይ ስታዩአት ስምንቱ ዓይኖች በአራት ረድፍ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል፤ በሌሎቹ ሦስት ረድፍ ነው የምታዩት። እግሮቿ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። ቀድሞ እሷን የመሰሉ ሁሉ፣ የእስያውም የአሜሪካውም፣ በሊሶማኒኔ ሥር አንድ ላይ ይቀመጡ ነበር። በኋላ ዘራቸው ሲመረመር ለየብቻ የቆሙ ሦስት መስመሮች ሆኑ።

ለ) ስፓርቴይኔ። የጎኑን አራት ዓይኖች እዩ። ከነሱ መካከል መሐል ላይ ያሉት ሁለቱ በአብዛኞቹ ዘላዮች እንደ ነጥብ ያነሱ ናቸው። በዚህ ንዑስ ቤተሰብ ባለችው በፖርቲያ ግን ትልልቅ ሆነው ጎልተው ይታያሉ። ፖርቲያ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ትገኛለች፤ ሌሎች ሸረሪቶችን በማደን የታወቀች ናት። የሌላ ሸረሪት ድር ላይ ወጥታ እንደተያዘች ዝንብ ድሩን ትነቀንቃለች፤ ባለቤቷ ስትመጣ ትይዛታለች። ሰውነቷ የደረቀ ቅጠል ፍርፋሪ ስለሚመስል ቆማ ሳለ አታዩአትም። ከዚሁ ንዑስ ቤተሰብ ሲርባ የምትባለው ወገን ደግሞ ድንጋይ ሥር ናት።

ሐ) ሂስፖኒኔ። ከላይ ስትታይ ከትንንሾቹ ዓይኖች ኋላ ጀርባዋ ላይ እንደ ታጠፈ ቆዳ የገባ ጎድጓዳ መስመር አላት። በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በእስያ አሉ። ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ ካገኛችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱ እነሆ። ከጥንት የዛፍ ሙጫ ደርቆ የተፈጠረ አምበር የሚባል ድንጋይ አለ። ሙጫው ፈሳሽ ሳለ የያዘው ነፍሳት ሁሉ እንዳለ ይቆያል። በባልቲክ ባሕር አካባቢ የሚገኘው አምበር ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ሲሆን ሂስፖኒኔ ውስጡ ይገኛሉ። ዛሬ ዓለምን የሞላው ሳልቲሲኔ ግን በዚያ አምበር ውስጥ አልተገኘም። ወጣት በሆነው በካሪቢያኑ የዶሚኒካን አምበር ውስጥ ግን አለ።

መ) ሳልቲሲኔ። የቀሩት ሁሉ። ከአሥር ዝርያ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በረንዳችሁ ላይ ያለችው በብዙ ዕድል ከዚህ ናት። መለያው ስውር ነው፦ የሌሎቹ ንዑስ ቤተሰቦች ሴቶች ፓልፓቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ጥፍር አላቸው፤ የሳልቲሲኔ ሴቶች ግን የላቸውም። ይህ በእጅ ሌንስ አይታይም፣ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ያለው ይበቃል።

ደረጃ 6፦ በሳልቲሲኔ ውስጥ መሄድ

እዚህ አንድ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ፈረንሳዊው ኡዤን ሲሞን እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 ባሳተሙት ሥራ ዘላዮችን የከፈሉት በመንጋጋቸው የኋላ ጠርዝ ላይ ባለው ጥርስ ነበር፦ አንድ ጥርስ ያላቸው፣ ብዙ ያላቸው፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ጥርስ ያላቸው። ለመሥራት የሚመች ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የዘረ መል ንጽጽር ሲጀመር ግን ጥርሱ ዘር እንደማይከተል ታየ፤ በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥም የተለያየ ጥርስ ያላቸው ተገኙ። በምትኩ በጣም የገረመ ነገር ወጣ፦ ቅርንጫፎቹ በአብዛኛው አህጉርን ተከትለው ቆሙ። ዘላይ ሸረሪቶች የበዙት አህጉራት ከተለያዩ በኋላ ስለሆነ በየቦታው የደረሰ ዘር እዚያው ተባዛ።

ሳልቲሲኔ መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል። አሚኮይዳ የሚባለው መሠረቱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጅማ ላይ ሆናችሁ ለጊዜው እርሱት። ሌላው ሳልቲካፍራዳ ነው። በዚህ ውስጥ ከትልልቆቹ መካከል ሦስቱን ያዙ፦ አስቲዮይዳ (ማዕከሉ አውስትራሊያና እስያ)፣ ማርፒሶይዳ (ማዕከሉ አሜሪካ) እና ሳልታፍሬሲያ (ማዕከሉ አፍሪካ፣ አውሮፓና እስያ)። የኛ አገሮቹ ብዙዎቹ የመጨረሻው ልጆች ናቸው።

በሞቃቱ ዓለም ሁሉ ከሰው ቤት ጋር የሚኖሩ ሦስት ዝርያዎች ስላሉ ግድግዳ ላይ ላገኛችኋት መጀመሪያ እነሱን ጠርጥሩ። ጠፍጣፋ፣ ግራጫና ጎኗ በነጭ የተከፈፈ ከሆነች ሜኔሜረስ ቢቪታተስን አስቡ፤ ነገዷ ክሪሲሊኒ ነው። ወፍራም ሆና፣ ወንዱ ጥቁር ከሆነና ከፊቱ እስከ ሆዱ መሐል ለመሐል ነጭ መስመር ከወረደበት ፕሌክሲፐስ ፔይኩሊን አስቡ፤ ነገዱ ፕሌክሲፒኒ ነው። ባለ ግማሽ ጨረቃው ሃሳሪየስ ሦስተኛው ነው፤ ነገዱ ሃሳሪኒ። ሦስቱም በሳልታፍሬሲያ ሥር ናቸው። ፕሌክሲፐስ ፔይኩሊና ሃሳሪየስ አዳንሶኒ ለሳይንስ የተገለጹት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1826 ነው።

ቡናው ላይ ከፕሌክሲፒኒ ነገድ ሌሎችም ይገኛሉ፦ ትልልቆቹና ጠጉራሞቹ ሂለስ፣ ያማሩት ቲዬኔ፣ ኢቫርካ። በኬንያና በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የምትኖረው ኢቫርካ ኩሊሲቮራ ከዚሁ ነገድ ናት፤ ደም የጠጣችን የወባ ትንኝ መርጣ የምትበላ ሸረሪት ናት። ስሟ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ወባ ያሠቃየው አካባቢ ሰው ይህን ሲሰማ «እኛ ጋስ የለችም?» ማለቱ አይቀርም፤ የምትታወቀው ግን ከሐይቁ አካባቢ ነው።

ጥቁር ሆና ብረት የምትመስል አብረቅራቂና ትንሽ ከሆነች ሄሊዮፋነስን ጠርጥሩ፤ ከግራጫዋ የግድግዳ ሜኔሜረስ ጋር አንድ ነገድ ናት። መልካቸውን አይታችሁ ዘመድ ናቸው ብላችሁ አትገምቱም ነበር። መሬት ላይ የምትሮጥ፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ያላት ብዙ ጊዜ ከአኤሉሪሊኒ ነገድ ስቴኔሉሪለስ ትሆናለች። ሰፋና ጠፍጠፍ ያለች፣ ጥንዚዛ የምትመስል ሬኔ ካገኛችሁ ደግሞ ዘሯ ከአሜሪካው ማርፒሶይዳ ነው፤ ከዚያ ወደዚህ ከተሻገሩ ጥቂቶች አንዷ ናት።

ሚርማራክኔን ለብቻ ላንሳት። ጃንጥላው ላይ ከጉንዳን ጋር ስትወድቅ ጉንዳን ናት ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ወገቧ ቀጭን ነው፣ የፊት እግሮቿን አንስታ እንደ ጉንዳን አንቴና ታወዛውዛለች። እግር ቁጠሩ፦ ስምንት ነው። ከዚያ ፊቷን እዩ፤ ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች አሉ። ያደገ ወንድ ከሆነ መንጋጋው ወደ ፊት እንደ መቀስ ረዝሞ ወጥቷል። ነገዷ በአስቲዮይዳ ሥር ነው። በሜዲትራኒያን አካባቢ ጉንዳን የምትመስል ሌፕቶርኬስቴስ የምትባል ሌላ አለች፤ እሷ ግን የሳልታፍሬሲያ ናት። አሜሪካ ውስጥ ያለችው ሲኔሞሲና ደግሞ የአሚኮይዳ ናት። ጉንዳን መምሰል በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ፣ ለየብቻ የመጣ ነገር ነው። ጉንዳንን ብዙ አዳኝ ስለሚሸሸው ጥቅሙ ለሁሉም አንድ ነው፤ ዘሩ ግን አንድ አይደለም።

ደረጃ 7፦ የዘር ግንዱን መሳል

ደብተራችሁ ላይ አራት ስም ጻፉ፦ ፖርቲያ፣ ሚርማራክኔ፣ ሜኔሜረስ፣ ፕሌክሲፐስ። ከጎን አምስተኛ፣ የቤተሰቡ ያልሆነች ባዳ ጨምሩ፤ ተኩላ ሸረሪት ትሁን። ባዳዋ የምታስፈልገው ለመለኪያ ነው፤ እሷም ያላት ምልክት ከሆነ አሮጌ ነው፣ እሷ ከሌላት አዲስ ሊሆን ይችላል።

አሁን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጠይቁ። ስምንት እግር? ሁሉም አላቸው፤ ምንም አይነግረንም። ሁለታችንም ሁለት እጅ አለን ማለት ወንድማማች ነን ማለት እንዳልሆነ ሁሉ። ሁለት ትልልቅ የፊት ዓይን? አራቱ አላቸው፣ ባዳዋ የላትም። ስለዚህ አራቱን በአንድ ግንድ አስተሳስሩ። የሴቷ ፓልፕ ጥፍር? ባዳዋም ፖርቲያም አላቸው፤ ሦስቱ የላቸውም። ጥፍሩ መኖሩ አሮጌ ነው፤ ፖርቲያና ተኩላ ሸረሪት ስለያዙት ብቻ ዘመድ አይሆኑም። መጥፋቱ ግን አዲስ ነገር ስለሆነ ሦስቱን ያዛምዳል። ፖርቲያን ለብቻ አስወጡና ሦስቱን በአንድ ቅርንጫፍ አድርጉ።

ከሦስቱስ? እዚህ ላይ የውጭ መልክ ይከዳችኋል፤ ግራጫዋ ሜኔሜረስና ጥቁሩ ፕሌክሲፐስ አይመሳሰሉም። የዘረ መል ንጽጽሩ ግን ሁለቱን በሳልታፍሬሲያ ያስቀምጥና ሚርማራክኔን ከነሱ ቀድሞ በተለየ መስመር ያወጣል። ሥዕላችሁ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ መጀመሪያ ፖርቲያ ትለያለች፤ ቀጥሎ ሚርማራክኔ፤ መጨረሻ ላይ ሜኔሜረስና ፕሌክሲፐስ። በዚህ ላይ ቲዬኔን ጨምሩ ብትባሉ ከፕሌክሲፐስ ጎን ትገባለች። ሄሊዮፋነስን ከሜኔሜረስ ጎን። አሴሞኔያን ከሳልቲሲኔ ቅርንጫፍ ውጭ፣ በራሷ መስመር። ሥዕሉን እንደገና እየሣላችሁ ስትጨምሩ እጃችሁ ይለምደዋል።

አንድ ስህተት ተጠንቀቁ። ቀድሞ የተለየ ሁሉ «ያልሠለጠነ» ወይም «አያት» አይደለም። ፖርቲያ ዛሬ በሕይወት ያለች፣ ከፕሌክሲፐስ እኩል ዘመን የተጓዘች ሸረሪት ናት። አያታቸው ሞታለች፤ ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው።

ደረጃ 8፦ መመዝገብና ማስቀመጥ

አብዛኛውን ጊዜ አራት ፎቶ ይበቃል፦ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሆድ በኩል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ምን ላይ እንደተገኘች ጻፉና ሸረሪቷን ያገኛችሁበት መልሷት። ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው የተፈጥሮ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ከሌላ አገር የሚያውቅ ሰው ሊያግዛችሁ ይችላል። ስሙ ትክክል መሆኑን በስዊዘርላንድ በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በኩል የሚወጣው የዓለም የሸረሪቶች ካታሎግ ላይ አረጋግጡ። እዚያ ስትፈልጉ ቫንዳ ቬሶሎቭስካ የሚለው ስም ደጋግሞ ይገጥማችኋል፤ የአፍሪካን ዘላዮች ለአሥርት ዓመታት ያጠኑ ፖላንዳዊት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሌላ ተመራማሪ ጋር ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች የጻፉት ጽሑፍ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጿል።

ያደገ ወንድ አግኝታችሁ ፓልፑ በማይክሮስኮፕ መታየት ካለበት ከ75 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል ይቀመጣል። አረቄ አይሆንም፤ ጥንካሬው ስለማይበቃ ይበሰብሳል። ለዘረ መል ምርመራ ከሆነ ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። ናሙናን ወደ ውጭ መላክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። «አንድ ሸረሪት ምን አላት» ብላችሁ በፖስታ አትላኩ።

እርሳሱ እዚህ ላይ ነው። በጀመርኩ ዓመት ከሠላሳ በላይ ብልቃጥ ሞልቼ ነበር፤ ከማና ቡና፣ ከቦዬ ዳር፣ ከጎረቤት አጥር። በየብልቃጡ ውስጥ ቦታውንና ቀኑን በእስክሪብቶ የጻፍኩበት ወረቀት አስገባሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስከፍታቸው አልኮሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኗል፣ ወረቀቱ ባዶ ነው። ሸረሪቶቹ ደህና ነበሩ፤ አንዷም ግን የትና መቼ እንደተያዘች አላውቅም። ቦታው ያልታወቀ ናሙና ለማንም አይጠቅምም፤ ሕይወቷን ወስጄ ሳለ ምንም አላተረፍኩም። እስካሁን ያሳዝነኛል። እርሳስ አልኮል ውስጥ አይለቅም። ወረቀቱን ከብልቃጡ ውጭ አትለጥፉ፣ ውስጥ ክተቱት።

በመጨረሻ የትም የማትገባ ሸረሪት ታጋጥማችኋለች። ሴት ብቻ አግኝታችሁ ወንዱ የጠፋ፣ ወይም ምልክቷ ከሁለት ነገድ መካከል የሆነ። በግምት ስም አትስጧት። «ሳልቲሲኔ፣ ነገዱ ያልታወቀ» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉና፣ በሚቀጥለው ወር እዚያው ቅርንጫፍ ሥር ጃንጥላውን ዘርጉ፤ ያደገው ወንድ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይርቅም።